የፈንገስ መድኃኒት በትልና በእንስሳት ላይ ለምን ይሞከራል?

በዛሬው የጤና ዓምዳችን በየቤታችን ስለምንጠቀምበት የፈንገስ መድኃኒት፣ ይኸውም ወደ እጃችን ከመድረሱ በፊት በማን ላይ እንደሚፈተን እንነጋገራለን።

ፈንገስ ለቤተሰብ እንግዳ አይደለም። በልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ጭርት፣ በሕፃን ምላስ ላይ እንደ እርጎ የሚለጠፈው ነጭ ነገር፣ በእግር ጣቶች መካከል የሚያሳክከው ቁስል የእርሱ ሥራ ነው። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። የሰውነቱ የመከላከል አቅም በተዳከመ ሰው ላይ ግን ደም፣ ሳንባና የአንጎል ሽፋን ውስጥ ገብቶ ይገድላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ልዩ ትኩረት የሚሹ 19 የፈንገስ ዓይነቶችን ዘርዝሮ ያወጣውም ስለዚሁ ነው።

ፈንገስን የሚገድል ነገር ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ፈንገሱን ገድሎ በሽተኛውን የማይጎዳ ማግኘት ነው። የባክቴሪያ ሕዋስ ከእኛ በብዙ ይለያል፤ የፈንገስ ሕዋስ ግን በአሠራሩ ለእኛ የቀረበ በመሆኑ እርሱን የሚመርዝ እኛንም ሊመርዝ ይችላል።

ይህን ኤሊዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት ተመራማሪዎች በሚገባ አይተውታል። ሄዘን በኒውዮርክ ከተማ ሆነው ከየስፍራው የመጣ አፈር ይመረምሩ ነበር። በአፈሩ ውስጥ ፈንገስ የሚገድል ተሕዋስ ሲያገኙ በፖስታ ወደ ኦልባኒ ከተማ ይልካሉ፤ ብራውን ደግሞ ንጥረ ነገሩን ለይተው ይመልሱላቸዋል። ፈንገሱን ከገደሉት ውስጥ አብዛኞቹ በእንስሳት ላይ ሲሞከሩ ብርቱ መርዝ ሆነው ተገኙ። በመጨረሻ በቨርጂኒያ ከሚገኝ አንድ እርሻ የተወሰደ አፈር ኒስታቲንን አስገኘ፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ ሆነ። ዛሬ ለሕፃናት አፍ የሚታዘዘው ኒስታቲን ይኸው ነው። ያ የእንስሳት ፈተና ባይኖር ኖሮ መርዙ የሚታወቀው በልጆቻችን ላይ በሆነ ነበር።

ይሁንና እንስሳም ሁሉ አንድ አይደለም። ክሪፕቶኮከስ የተባለው የአንጎል ሽፋን ፈንገስ ሙቀት አይስማማውም። የጥንቸል ሰውነት ደግሞ ከእኛ ይልቅ ሞቃት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጥንቸሏን ለማሳመም አስቀድመው የመከላከል አቅሟን በመድኃኒት ማድከም አለባቸው።

ከቅርብ ዓሥርት ዓመታት ወዲህ ግን የመጀመሪያውን ፈተና የሚቀበል ሌላ ፍጡር ተገኝቷል። ንብ አናቢዎች በጠላትነት የሚያውቁት፣ ቀፎ ገብቶ ሰም የሚበላው የሰም ብል ትል ነው። ይህ ትል በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰው ሰውነት ሙቀት ይኖራል። ፈንገሱ በቀጭን መርፌ በኋላ እግሩ በኩል ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ መድኃኒቱ ይሰጠዋል። ለማነጻጸር ከፊሎቹ ትሎች ያለ መድኃኒት ይተዋሉ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ፈንገስ የሌለበት ፈሳሽ ብቻ ይወጋቸዋል። በሽታው ሲበረታ ነጣ ያለው ትል ይጠቁራል፤ ሲነኩት ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል ማለት ነው። ውጤቱ በጥቂት ቀናት ይታወቃል። የሚገርመው በትሉ ደም ውስጥ ያሉ ሕዋሳት፣ እንደ እኛ ነጭ የደም ሕዋሳት ሁሉ፣ ጀርምን ውጠው ይገድላሉ።

ሆኖም ትል ሳንባ የለውም፤ እንደ እኛ ያለ ኩላሊትም የለውም። አምፎቴሪሲን የተባለው ጠንካራ የፈንገስ መድኃኒት ኩላሊትን እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን ጉዳት ትሉ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ ትሉ የማይረባውን መድኃኒት ቀድሞ እያስወገደ ለፈተና የሚቀርቡትን አይጦችና ጥንቸሎች ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተካቸውም።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷም እንድትፈልግ ሳትለቃት በረሃብ የገደለች ሴት እንደተቀጣች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈልንን ሁላችንም እናውቃለን። ረስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ምሁራንም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ለተመራማሪዎች ሦስት ግዴታዎችን አስቀምጠዋል፤ እንስሳን በሌላ መተካት፣ መተካት ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩንም ማቅለል። የሰው ሕይወት የሚድንበት ፈተና አስፈላጊ ቢሆንም፣ ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት ግን የሚያስጠይቅ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? መድኃኒቱ እዚህ የደረሰው ብዙ ፍጡር ዋጋ ከፍሎበት ነውና አናባክነው። ማሳከኩ ቆመ ብለን በመሃል አናቋርጥ፤ ሐኪሙ እስካዘዘው ቀን ድረስ እንጠቀም። ጎረቤት የሰጠንን ማንኛውንም ቅባትም ጭርት ላይ አንቀባ፤ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ለጊዜው ቅላቱን ቢያጠፋም ፈንገሱን ያስፋፋዋልና።