ስንት ሕፃን አምስት ዓመት ደፈነ?

ስለ ጤና ስናወራ «ስንት ሆስፒታል ተሠራ? ስንት ማሽን ገባ?» እንላለን። እኔ ግን እንደ ሐኪም የማስቀድመው «ስንቱ ሕፃን አምስት ዓመት ደፈነ?» የሚለውን ነው።

በሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ለዚህ ክትባት፣ አጎበር፣ ኦአርኤስ እና ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ወጪያቸው ደግሞ ትንሽ ነው።

67ም ቢሆን ብዙ ነው! ያለን ብር ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው ላይ ይዋል። ሪፖርት ሲነበብላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት «ስንት ሰው ተረፈ?» በሉ።

የልጃችሁንም የክትባት ካርድ ዛሬውኑ እዩት። ቀጠሮ ካለፈው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በነፃ ነው።