በረቱን ክፈቱልን!

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት የጠጣችሁት ማኪያቶ ውስጥ ያለው ወተት የየትኛዋ ላም ነው? ምን በልታ፣ የት ተኝታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ታክማ የሰጠችው ነው? ካፌው አያውቅም። ለካፌው ያመጣለት ሰውም አያውቅም። እኛም ጠይቀን አናውቅም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ አበው። የእኛ የከተሜዎቹ ነገር ተረቱን ገልብጦታል። ወተቱንማ በየቀኑ እናየዋለን፤ በሰማይ ያለችው ላሟ ናት።

ዳባትና ደባርቅ ላይ ነገሩ ገና እንዲህ አልሆነም። ከጎንደር ተነስታችሁ በሽሬው መንገድ ስትጓዙ 75 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ደግሞ ደባርቅን ታገኛላችሁ። በእነዚህ ከተሞች ብዙ ሰው ወተቱን የሚገዛው ከጎረቤት ነው። «እማማ፣ የዛሬ ነው?» «አዎ ልጄ፣ አሁን የታለበ ነው፤ አረፋውን አታይም እንዴ?» በቃ፣ ውሉ ይኸው ነው። ላቦራቶሪ የለ፣ ማህተም የለ። ግን ላሟ ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ መሀል ታልፋለች። ከሳች ወይ ሳለች ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። ቦራ ናት፣ ዳማ ናት፣ መቼ እንደወለደች ሳይቀር ይታወቃል። ይህቺ በዓይን የምትታይ ላም ናት ለወተቱ ዋስትናዋ።

እንዲህ ስል ግን የድሮው ሁሉ ደግ ነው እያልኩ አይደለም። በጋው ሲጠና የገጠር ላም የምትበላው ገለባ ነው፤ እሱም ከተገኘ። በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የአገራችንን የቀንድ ከብት 70 ሚሊዮን ገደማ አድርሶታል። በአፍሪካ አንደኛ ነን ማለት ነው። የአገር ውስጥ ዝርያ ላም በቀን በአማካይ የምትሰጠው ወተት ግን 1.5 ሊትር ያህል ነው። በዚህ ወተት ከተማን ማጠጣት አይቻልም። ለዚህ ነው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» ወተትን ከዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ ያደረገው። ለዚህ ነው የተዳቀለች ላም የሁሉም ምኞት የሆነችው።

የሰሜን ተራሮች ግርጌ ደግሞ ለዚህች ላም ጥሩ አገር ነው። ሆልስታይን ፍሪዥያን ከቆላ ሙቀት ይልቅ የደጋው ብርድ ይስማማታል። በዚያ ላይ ልቅ ግጦሽ እየጠበበ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ከችግሮቹ አንዱ ሰውና ከብት ወደ ፓርኩ መግፋታቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በዓመቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። መሬት እየጠበበ፣ ግጦሽ እየተከለከለ፣ የላም ዋጋ እየናረ ሲሄድ ውጤቱ አንድ ነው። ላሟ ወደ በረት ትገባለች፣ በሩም ይዘጋል።

የእኔ ጉዳይ ከዚህ በር ነው። ላሟ እንደገባች ጎረቤት አያያትም። ታዲያ በዓይናችን ፋንታ ምን እናምናለን?

መልስ ሳይዙ በሩን መዝጋት ምን እንደሚያመጣ አዲስ አበባ አሳይታናለች። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉ ወተት አምራቾችና ነጋዴዎች 110 የወተት ናሙናዎች ተወስደው ተመርምረው ነበር። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በሁሉም ውስጥ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደውን በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ከአሜሪካው ላላ ያለ ወሰን፣ ማለትም ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ የሆኑት ደግሞ 29። ወሬው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማውን ሲያዳርስ ሰዉ ወተት መግዛት ፈራ። ልጅ ያላቸው እናቶች ምን ያድርጉ? አፍላቶክሲን እንደሆነ በማፍላት አይጠፋም።

መርዙ ከየት መጣ? ማንም ወተቱ ውስጥ አልጨመረውም። ምንጩ መኖ ነበር፤ በተለይ የኑግ ፋጉሎ። ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ሲከማች ይሻግታል፣ ሻጋታው መርዙን ያመርታል። ላሟ ትበላዋለች፣ ጉበቷ መልኩን ይለውጠዋል፣ ከዚያ ወደ ወተቷ ይገባል። የእኛን ጉበት ከመድረሱ በፊት የእሷን ጉበት ነው የሚጎዳው። ቀድማ የተመረዘችው ላሟ ናት፤ እኛ የሰማነው ግን ጽዋው እኛ ጋ ሲደርስ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ፋጉሎውን አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ያስቀመጠ ገበሬም ወተቱ ቢፈራበት «የእኔ ንጹህ ነው» ብሎ ማስረዳት አይችልም። የስንቱ ቤት ወተት አንድ በርሜል ውስጥ ተቀላቅሏላ! ማን ከማን እንደሚሻል የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ጠንቃቃውና ግዴለሹ እኩል ይታመናሉ፣ እኩልም ይጠረጠራሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ፣ የፈሰሰ እምነትም እንደዚያው ነው። ቻይናን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜላሚን የተጨመረበት የሕፃናት ወተት 6 ሕፃናትን ገድሎ 300 ሺህ ያህሉን አሳመመ። ከዚያ በኋላ የቻይና ወላጆች ለዓመታት የውጭ አገር ወተት ሲያሳድዱ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ነው «የእንስሳት ደህንነት» የሚባለው ነገር የሚመጣው። (ደህንነት ስል ሌላው «ደህንነት» ትዝ እንዳይላችሁ፤ የላሟን ነው የምለው!) ሐሳቡ በዘመናዊ መልኩ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ሩት ሃሪሰን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1964 በዘመናዊ እርባታ ውስጥ እንስሳት እንዴት እንደ ማሽን እንደሚቆጠሩ መጽሐፍ ጻፈች። ሕዝቡ ተቆጣ፣ መንግሥትም ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው በ1965 ሪፖርቱን አወጣ። ከዚያ ተነስተው በ1979 «አምስቱ ነጻነቶች» የሚባሉት ተዘረዘሩ። ከረሃብና ከጥም፣ ከማይመች ኑሮ፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፤ አምስተኛው የተፈጥሮ ጠባይን መኖር መቻል ነው።

«ሰው ሳይጠግብ ስለ ላም ምቾት?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን አምስቱን አንድ በአንድ ከጽዋችሁ ጋር አያይዟቸው። ረሃብ ሻጋታ መኖ ያስበላል፤ እሱን አይተናል። እርጥብና ቆሻሻ መኝታ የጡት በሽታ ያመጣል። የጡት በሽታ አንቲባዮቲክ ያስወጋል። መድኃኒቱ ከሰውነቷ ሳይወጣ ወተቷ ከተሸጠ መድኃኒቱን የምንጠጣው እኛ ነን። ለጥቂት ቀናት ወተቱን መድፋት ያለበት ገበሬ ደግሞ የዚያን ቀን ገቢውን ነው የሚደፋው፤ የሚያየው ከሌለ ማን ይደፋል? የምትደበደብና የምትደናገጥ ላም ወተቷን አትለቅም፤ ይህንን ማንኛዋም አላቢ እናት ያለ ሳይንስ ታውቀዋለች። መጨናነቁም አለ። በመካከለኛው ኢትዮጵያ የወተት ከብቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከ2,956 ከብቶች 30 በመቶው ለከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አዎንታዊ መሆናቸውን አሳይቷል። መንጋው በተለቀ ቁጥር በሽታውም ይብሳል። ጥሬ ወተት ለምንወድ ሰዎች ይኼ ቀልድ አይደለም። ከዚያ አካባቢ ላም ገዝቶ ሳያስመረምር ዳባት የሚያወርድ ሰው ላም ብቻ አይደለም ሊያመጣ የሚችለው።

ስለዚህ የላሟ ነገር የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም፤ የልጆቻችን ጉዳይ ነው። ወጪውም አብዛኛው ትኩረት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ረዘም ያለ ገመድ፣ ያልተቋረጠ ውሃ፣ የደረቀ የመኖ ማስቀመጫ። በጾም ወራት የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ መኖ መቀነስ ይመጣል። ላሟ ግን ጾም የላትም፤ ፍልሰታም ሆነ ዐቢይ ጾም መብላት አለባት።

ከሁሉ የከፋው ግን ወተት የማይሰጠው ነው፤ ወንዱ ጥጃ። በገበሬው ቤት ወንድ ጥጃ ነገ በሬ ነው። መጀመሪያ ጥጃው ይጠባል፣ ከዚያ ይታለባል። ወተት ብሎ ላም ለገዛ የከተማ ነጋዴ ግን ወንድ ጥጃ እዳ ነው፤ የሚጠባው እያንዳንዱ ሊትር ብር ነው። አንድን በረት ለማወቅ የምትታለበዋን ላም ሳይሆን ጥግ ላይ የታሰረውን ጥጃ እዩ።

ይኼን ስል አሜሪካ ኢንዲያና ያለው ፌር ኦክስ እርባታ ትዝ ይለኛል። ለጎብኚ ክፍት የሆነ፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚዝናናበት ዝነኛ የወተት እርባታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በድብቅ የተቀረጸ ቪዲዮ ሠራተኞች ጥጆችን ሲደበድቡ አሳየ። ሱቆች ወተቱን ከመደርደሪያ አወረዱ። የእርባታው ባለቤት ኃላፊነቱን ወሰደ፤ ተከሳሾቹ ድርጅቶች በ2022 ጉዳዩን በ21 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማሙ። ትምህርቱ ምንድን ነው? ለእንግዳ ተጠርጎ የሚከፈት በረት በቂ አይደለም። የሚያስፈልገው እንግዳ በማይጠበቅበት ቀንም የሚከፈት በረት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ በረቱ ይከፈት። ደንበኛ በፈለገው ቀን መጥቶ ላሚቱንም፣ ጥጃውንም፣ ፋጉሎው የተከማቸበትንም ቦታ ይይ። በሩ ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀል። ምን ትበላለች፣ መቼ ታከመች፣ ወተቷ ከስንት ቀን በኋላ ይሸጣል የሚለው በጠመኔ ይጻፍበት። ጠመኔ ስንት ብር ነው?

ሁለተኛ፣ የወተት መሰብሰቢያዎች የእያንዳንዱን ሰው ወተት ሳይቀላቅሉ ይመዝግቡ፤ ዋጋውም በሊትር ብቻ ሳይሆን በጥራት ይሁን። ጥሩ የያዘ ጥሩ ካልተከፈለው ነገ እሱም ግዴለሽ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የባለሙያ ዓይን ይግባበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ያለበት ነው፤ ከዳባት 75 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ተማሪዎቹ በየጊዜው በረት ዞረው ያዩትን ለባለቤቱም ለገዢውም በግልጽ ቢናገሩ፣ ከስንት ማስታወቂያ የበለጠ የሚታመን ምስክር ይሆናል። ሕግ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ሕግ በየበረቱ በር ላይ ቆሞ አያድርም፤ ገዢ ግን በየቀኑ ይመጣል።

አራተኛዋ የእኛ ናት። እንጠይቅ! ስልክ ስንገዛ ካሜራውን፣ ባትሪውን፣ ዋስትናውን እየመረመርን ሻጩን ቁም ስቅሉን የምናሳይ ሰዎች፣ ሆዳችን ለሚገባ ወተት ዝም እንላለን። «ላሟ የት ናት?» ማለት ነውር አይደለም። መልስ ላለው ሻጭ ደግሞ ሁለት ብር ጨምረን እንክፈል፤ ጥያቄ ብቻ ይዞ የሚሄድ ደንበኛ ገበሬውን አይለውጠውም።

ዳባትና ደባርቅ አንድ ዕድል አላቸው፤ አዲስ አበባ ያጣችውን እነሱ ገና አላጡትም። የተዳቀሉት ላሞች እየገቡ ነው፣ በረቶቹ ገና እየተሠሩ ነው። በሩ ከመሠራቱ በፊት መስኮት እንዲኖረው መነጋገር ይቀላል። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ የደባርቅ ልጅ ወተት ጠይቆ እናቱ «ቆይ፣ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብላ ጽዋውን ይዛ እንዳትቆም፣ አሁን ነው ማለት።

ባለ በረቶች ሆይ፣ ክፈቱልን። እኛም መጥተን እንይ።

ቸር ያሰንብተን።