ባቡሩ ቆቦ ላይ ይቁምልን!

ለመሆኑ የቆቦን ገበሬ ምን ዓይነት ባቡር እንደሚፈልግ የጠየቀው ባለሥልጣን አለ? የሃራ ገበያ–መቀሌ ሐዲድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር በደጃችን ያልፋል ተባልን። ቻይናዎቹ ቆፍረው ደለደሉ፤ ገንዘቡ አጠረ፣ በ2013 ደግሞ ጦርነቱ ደረሰ። ሽንኩርታችን ዛሬም በአይሱዙ ነው አዲስ አበባ የሚገባው።

ሥራው ሲቀጥል ታዲያ የሚያብረቀርቅ የመንገደኛ ፉርጎ ብቻ አታሳዩን! የራያ ቲማቲም በዚያ ሙቀት ስንት ቀን ይቆያል? ማቀዝቀዣ ያለው ፉርጎ እንፈልጋለን፤ ለከብቱም አየር የሚያስገባ። ጣቢያውም ከገበያው አይራቅ። በ2009 የተመረቀው የጂቡቲ መስመር ጣቢያዎቹን ከከተማ አርቆ ሰዉን ለባጃጅና ለታክሲ ዳርጎታል። ሳይቆም የሚያልፍ ባቡርማ ለቆቦ ምኗ ነው? በሬ ማስደንበሪያ! (ኤሌክትሪክ ስለሆነ ጭሱን እንኳ አናይም።)