«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው ማነው?

በቴሌግራም አዝዛችሁ ፒያሳ የተረከባችሁት አምፕሊፋየር ቤት ሲሰካ አንዱ ስፒከር ዝም አለ እንበል። የግራና የቀኙን ስፒከር ገመድ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከዞረ ስፒከሩ ደህና ነው፤ ከስልኩ የሚመጣውን ገመድ ቀይራችሁም ካልተስተካከለ ጥፋቱ የአምፑ ነው። ብሎን ግን እንዳትነኩ! የተፈታ ዕቃ ይዞ መከራከር አይሆንም።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል ይላል። በምን ማስረጃ? በቴሌግራም ርካሽ የሆነው አንድም ደረሰኝ ስለሌለው ነው፤ ቅናሽ የምንለው ኪሳራውን ወደኛ ያዞሩበት ሂሳብ ነው። በ2016 የፒያሳ ሱቆች ከፈረሱ ወዲህማ «ሱቃችን እዚያው ነው» የሚል ሻጭ ቢሰወር የት ይፈለጋል? ብሩን ከመላካችሁ በፊት ደረሰኝ ጠይቁ፤ ስትረከቡም ሁለቱንም ቻናል እዚያው አስሞክሩ።