«ቀስ በል» ማለት ነውር ነው እንዴ?

የዚህች ዓምድ ደንበኞች እንደምታውቁት እዚህ ቦታ ላይ ስናወራ የከረምነው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ጓደኝነት ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ላወራ ነው። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንከው?» የምትሉ ቆይ አንዴ ታገሱኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጓደኝነት ላይ ነው የሚያርፈው።

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ የአንድ ጓደኛችን አባት አረፉና ቀብሩ ከአሰላ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። አምስት ሆነን፣ የአንዱን ጓደኛችንን አጎት ቪትዝ ተውሰን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአዲስ አበባ ልንነሳ ተቀጣጠርን። አንዱን ስንጠብቅ፣ አንዷን ስንፈልግ የተነሳነው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። መሪውን የያዘው ልጅ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት አልሞላውም፤ ከከተማ ወጥቶ ነድቶም አያውቅ። ይህን ማን አሰበው? «ንካው እንጂ!» ነበር መዝሙራችን።

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ምን ይወጣለታል! አንድ ነገር ግን አለው፤ እግር ያባልጋል። 120 የለመደ እግር ከአዳማ ወዲያም ያው የሚቀጥል ይመስለዋል። ከአዳማ ወዲያ ደግሞ መንገዱ የሁሉም ነው፤ የሲኖትራኩም፣ የአይሱዙውም፣ የባጃጁም፣ የጋሪውም፣ ከብት የሚነዳው ልጅም። እኛ ግን እግራችንን ፈጣን መንገዱ ላይ ረስተነው መጥተን ነበር።

አዋሽ መልካሳን አልፈን ዴራ ደረስን። ዴራ ፀሐይ ነበር። ፀሐይ ብቻ ሳይሆን ሹራብ የሚያስወልቅ ሙቀት! ሻይ ቤት ገባ ብለን ቶሎ ቶሎ ስንጠጣ፣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር «ልጆች፣ ወደ ላይ ናችሁ?» አሉን። አዎ አልናቸው። በአገጫቸው ወደ ጭላሎ እያመለከቱ «እንግዲያው የዴራን ፀሐይ አትመኑ። ሰማዩን እዚህ ሳይሆን እዚያ እዩት» አሉ። ዞር ብለን ስናይ የተራራው አናት የለም፤ ጥቁር ደመና ውጦታል። እሺ ጋሼ ብለን፣ ሒሳብ ከፍለን፣ መኪና ውስጥ ገብተን ሳቅን። ምን ያስቃል አትሉም? እኔም እስካሁን አልገባኝም።

ኢተያን እንዳለፍን ዝናቡ ተቀበለን። ዝናቡን ጉም ተከተለው። መስታወቱ ከውስጥ በላብ ተሸፈነ፤ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ መልሶ ይሸፈናል። ሹፌራችን ፍጥነቱን አልቀነሰም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ። መኪናው ውስጥ አንድም ሰው አይናገርም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እናንተዬ፣ ዝምታ መኪና ውስጥ ሲሆን እንደሚነቅዝ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኩርባ ላይ ከጉሙ ውስጥ መብራት የሌለው ጋሪ ብቅ አለ። ሹፌራችን ፍሬኑን ረገጠው፤ መኪናዋ ግን መሄዷን ቀጠለች። ተንሸራታ፣ ጎኗን ሰጥታ፣ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ጋሪው ላይ ልጅ ያዘለች እናት ነበረች። ከእሷ የለየን ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን!

ትንፋሻችን ሲመለስ አንዷ «እኔኮ ከናዝሬት ጀምሮ ልነግርህ ነበር» አለች። ሌላውም «እኔም» አለ። እኔም «እኔም» አልኩ። ሹፌራችን መሪው ላይ ተደፍቶ ቆየና ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔም ፈርቼ ነበር እኮ። ዝም ስትሉ ጊዜ የተመቻችሁ መስሎኝ ነው።»

ልብ አድርጉልኝ! አምስት ሰው፣ አምስቱም ፈርቷል፣ አምስቱም ሌላው ያልፈራ መስሎት ዝም ብሏል። ይሉኝታ የሚሉት ይኼ ነው። እንደ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሹፌር ሁሉ ስጠይቅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከመቶው 92ቱ የሚሞተው እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ።

አንደኛ፣ የጋሼን ምክር ያዙ፤ ሰማዩን የምትሄዱበት ላይ እዩት። ዴራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አይሞላም፤ አሰላ ከ2,400 ይበልጣል። በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ700 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ ማለት ነው፤ ብርዱም በ4 እና በ5 ዲግሪ ይጨምራል። መስታወቱን ላብ የሚያሲዘው ይኸው ነው። በነጠላ አትድከሙ፤ ኤሲውን ከፍታችሁ ነፋሱን ወደ መስታወቱ ማዞር ነው። ኤሲ ከሌለ መስኮት ገርበብ ይደረጋል።

ሁለተኛ፣ ቆላ ያላችሁም አትኩራሩ። ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ታች ይወርዳል። ዴራ ያለችበት የዶዶታ ወረዳ ገበሬ ከደጋ የሚመጣውን ጎርፍ ጠልፎ እርሻውን እስከማጠጣት ደርሷል፤ ያን ያህል ጎርፍ ነው እንግዲህ። እናንተ ዘንድ ጠብ ሳይል ደረቅ የነበረው ወንዝ ድንገት ሊሞላ ይችላል። መንገድ ያቋረጠ ውሃ ካያችሁ ቁሙ። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ያን የምትመኩበትን ላንድክሩዘርም ይወስዳል። ደራሽ ውሃ እንደ አመጣጡ ቶሎ ይጎድላል፤ ጠብቁት።

ሦስተኛ፣ ርቀት። በ80 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። እርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት የደረቁን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፤ አራት ሳትሉ እናንተም ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። በተለይ የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ ፍሩት፤ በበጋ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አስፋልቱ ሳሙና ነው የሚሆነው። መኪናው በውሃ ላይ ተንሳፎ መሪው እጃችሁ ላይ ድንገት ቀለል ካለ ፍሬን አትርገጡ፤ ነዳጁን ለቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው።

አራተኛ፣ ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አታብሩ። ብርሃኑ ጉሙ ላይ አርፎ ወደ ራሳችሁ ይመለስና ነጭ ግድግዳ ይሆንባችኋል። ቅርቡን መብራት አብርታችሁ፣ የመንገዱን ዳር እያያችሁ፣ በዝግታ። ደርቦ ማለፍማ አይታሰብም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ላይ መተማመን ፍሬኑን ያግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

አምስተኛ፣ ከመነሳት በፊት ጎማውን እዩ። ጥርሱ መሐል የክብሪት እንጨት ራስ ካልተደበቀ ጎማው ተላጭቷል፤ ውሃውን መግፋት አይችልም። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩና ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ምልክት መኖሩን፣ ዝናብ መጥረጊያው መሥራቱን አረጋግጡ። ቀበቶ ከኋላ የተቀመጠም ይሰር፤ ቀበቶ የመሞትን ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መሆኑንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ስድስተኛ፣ አስፋልቱ አልቆ ዋልካ አፈር ከጀመረና ዘንቦ ከሆነ በትንሽ መኪና አትግቡ። መኪናውን ሰው ያለበት ቦታ አቁሙና በእግር፣ ወይም ያንን ስንሳደብበት የመጣነውን ጋሪ ተከራይቶ መሄድ ነው። እኛም በመጨረሻ በጋሪ ነው የደረስነው።

አሁን ወደ ጓደኝነቱ ልመለስ። «ቀስ በል» እንዴት ይባላል? ለሹፌሩ «አትችልም» አትበሉት፤ ክብሩ ሲነካ የባሰ ይነካዋል። ስለ ራሳችሁ ተናገሩ። «እኔ ፈርቻለሁ፤ ስለ እኔ ብለህ ቀስ በል» በሉ። ጓደኛሞች ከሆናችሁ ሳትነሱ ተስማሙ፤ አንድ ሰው ፈራሁ ካለ፣ ያለ ክርክር ፍጥነት ይቀነሳል። ዶልፊን ወይም ቅጥቅጥ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ብቻውን የሚናገረውን ሰው አታሳፍሩት። አንዷ «ቀስ በልልን» ስትል ሌላው «ከፈራሽ ቤትሽ አትቀመጪም?» የሚልበት አገር ነው። እንደሱ ከማለት «እውነቷን ነው» በሉ፤ ሁለተኛው ድምፅ ነው ሹፌርን የሚያሸንፈው። የምትነዱ ልጆችም ብትሆኑ ዝምታን እንደ ጭብጨባ አትቁጠሩት። «ፍጥነቱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠየቃችሁ ብሎ የሚንቃችሁ የለም።

ቀብሩ አመለጠን። ጭቃ በጭቃ ሆነን ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ በኀፍረት አንገታችንን ደፍተን ነበር። የጓደኛችን እናት ግን ታሪኩን ሲሰሙ አንድ በአንድ ፊታችንን ዳሰሱና ምን አሉ? «ለቀብር የዘገየ ለሠልስት ይደርሳል። ደግሞ የእናንተን ልቀመጥላችሁ ነበር?»

ውድ አንባቢያን፣ ጓደኛ ማለት አብሮ የሚስቅ ብቻ አይደለም፤ ሲያስፈልግ «ቀስ በል» የሚልም ነው። እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን።