አንድ መሬት፣ ብዙ መጠሪያ
ስለ መሬት መዝገብ የጋራ ቃልና የጋራ መለኪያ

እንደሚታወቀው መሬት በአገራችን የብዙኃኑ ሕዝብ የኑሮ መሠረት ነው። የገበሬው ማሳ፣ የከተማው ነዋሪ ጎጆ፣ ሠራተኛው የሚውልበት ፋብሪካ፣ ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሁሉም ያረፉት በመሬት ላይ ነው። ስለዚህም ስለ መሬት በተነሣ ቁጥር መሬት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል፤ መያዙም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ጥያቄ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ነገር ግን በስብሰባ አዳራሽ እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ይህ መሬት በመዝገብ ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ፣ በምንስ ተለካ የሚለው ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የጸሐፊና የቀያሽ ብቻ ይመስላል። እኛ ግን የእያንዳንዱ ባለይዞታ ጉዳይ ነው እንላለን። ምክንያቱም መብት በአዋጅ ቢታወጅም ወደ ዜጋው እጅ የሚደርሰው በመዝገብ በኩል ነውና።

ከቀላሉ እንጀምር። በከተማ አንድ ሠራተኛ “ካርታ አለህ?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚገባው የይዞታ ማረጋገጫ ሰነዱ ነው። ያው ቃል ለቀያሹ ሲነገር ደግሞ መሬቱን በሚዛን አሳንሶ የሚያሳይ ሥዕል ማለት ነው። “ይዞታ” የሚለውንም ቃል እንመልከት። አንዱ መሥሪያ ቤት መብቱን፣ ሌላው መሬቱን፣ ሦስተኛው ወረቀቱን ይዞታ ይለዋል። በአፍ ስንነጋገር ችግር የለውም፤ ሰው ከሁኔታው ይረዳል። ወደ መዝገብና ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግን ሁኔታውን የሚረዳ የለም። “የይዞታዎች ብዛት” ተብሎ ከሦስት መሥሪያ ቤቶች የተሰበሰበ ቁጥር ተደምሮ ለዕቅድ ሲቀርብ፣ የተደመረው ሰው ይሁን ማሳ ወይም ወረቀት የሚያውቅ አይኖርም።

ይህ ችግር ትናንት የተወለደ አይደለም። በዘውዱ አገዛዝ ዘመን የመሬት ዋነኛ መለኪያ ጋሻ ነበር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው ይባል እንጂ ስፋቱ ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። መሬቱ የሚለካው ቀላድ በሚባለው ገመድ ስለነበረ ገመዱን የሚጥለው ሰው፣ የሚያስጥለው ባለሥልጣንና የመሬቱ አቀማመጥ ውጤቱን ይለውጡት ነበር። በዚህም ላይ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ ይመደባል፤ ግብሩም በዚሁ ምደባ ይወሰናል። እንግዲህ “ለም” የሚለው ቃል የአፈር መግለጫ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ መጠንም ነበር ማለት ነው። ቃሉን የሚናገረው መዳቢው እንጂ አራሹ አልነበረም። ግብሩ በጋሻ ከተቆረጠ ደግሞ ጋሻው ሲጠብ ግብሩ አብሮ አይጠብም። የቃልና የመለኪያ አለመጥራት ሁልጊዜ በሁሉም ላይ እኩል እንደማይወድቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ሕጉ በሄክታር ተናገረ፤ በቀበሌ ግን ድልድሉ በብዙ ቦታ የተከናወነው በገመድና በጥማድ ነበር። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ሩብ ሄክታር ገደማ ይገመታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ጥማድን ኋላ ቀር ብለን ልንንቀው አይገባም። ጥማድ የድካም መለኪያ ነው፤ ሄክታር የማያውቀውን ያውቃል። የዋልካ አፈር ከአሸዋማው፣ የጠገበ በሬ ከከሳው፣ ተዳፋቱ ከሜዳው ጋር አንድ እንዳልሆነ ይናገራል። ገበሬው የሥራ ቀኑን ለማቀድ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አያስፈልገውም። ነገር ግን ጥማድ ከመንደር ውጭ ሲወጣ፣ ማለትም ፍርድ ቤት፣ ባንክና የካሣ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ይሳነዋል።

ይህን በቁጥር እንየው። አንድ ገበሬ በደብተሩ ላይ 6 ጥማድ ተመዝግቦለታል እንበል። ከተማው እየሰፋ መጥቶ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ተፈለገና ካሣ ሊሰላለት ነው። አንዱ ባለሙያ ጥማዱን በ0.25 ሄክታር፣ ሌላው በ0.20 ሄክታር ቢያሰላው ልዩነቱ 0.30 ሄክታር፣ ማለትም 3,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ የከተማ መኖሪያ ቤት የፈቀደው ጣሪያ 500 ካሬ ሜትር እንደነበረ ለሚያስታውስ አንባቢ፣ በአንዲት ቃል ትርጉም ብቻ የስድስት ቤት ቦታ ጠፋ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልዋሸም። ሁለቱም ባለሙያዎች በቅን ልቡና ሠርተዋል። የጎደለው ከሁለቱም በላይ የቆመ አንድ የተጻፈ ትርጉም ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየውም በዚሁ በከተማና በገጠር ድንበር ላይ ነው። የገጠሩ መሬት ዛሬ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ሲሆን ለከተማ ይዞታ ምዝገባ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጥቶ ነበር። በአንደኛው ወገን ማሳ የነበረው በሌላኛው ወገን ቁራሽ መሬት ይባላል፤ በሄክታር የተጻፈው በካሬ ሜትር ይገለበጣል፤ በአረንጓዴው ደብተር “በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ መንገድ” ተብሎ በአዋሳኝ የተገለጸው ወሰን በነጥብና በቁጥር ይተካል። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ቀጥሎም በሌሎች ክልሎች የተሰጡት የመጀመሪያ ደረጃ ደብተሮች ለገበሬው የመተማመኛ ዋስትና እንደሆኑ አይካድም። ሆኖም አዋሳኙ ይሞታል፣ መንገዱም ይዛወራል። ሁለተኛ ደረጃ የተባለው በካርታ የተደገፈ ማረጋገጫ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። አሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ ሲሻገር የትኛው ቃል በየትኛው እንደተተካ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ከሌለ ግን በሽግግሩ ላይ የሚወድቀው ባለይዞታው ነው።

የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በደርግ ዘመን ከተማይቱ በከፍተኛና በቀበሌ ተከፋፍላ ነበር። በ1995 ዓ.ም. አሥር ክፍለ ከተሞች ተዋቀሩ፤ ቀበሌዎች ተቀላቀሉ፣ ቁጥራቸውም ተለወጠ። ከዚያም ወረዳ የሚለው ስያሜ ቀበሌን ተካ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ የተባለው አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ተጨመረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤቱ ከቦታው አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም፤ አድራሻው ግን ደጋግሞ ተሰደደ። እናቶች በፌስታል ጠቅልለው የሚያኖሩት ወረቀት “ከፍተኛ” ይላል፤ በመስኮቱ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ከፍተኛ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። የመሬቱ መለያ ቁጥር በአስተዳደር ስያሜ ላይ ከተንጠለጠለ አስተዳደሩ በተዋቀረ ቁጥር መለያው ይሰበራል። መለያው የራሱ የመሬቱ ሊሆን፣ አስተዳደራዊ ስሙ ደግሞ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበረ ቀኑ ተጽፎለት ከጎኑ ሊቀመጥ ይገባል።

ቀኑ ስንልም ሌላ ጣጣ አለ። በእኛ አቆጣጠር 30/6/1999 ተብሎ የተጻፈው የካቲት 30 ቀን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራ ፕሮግራም ግን ሰኔ ወር አድርጎ፣ ዓመቱንም ወደ ኋላ ጎትቶ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን 5 ሲሰጠው ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል። አልቀበልም የሚለው ስሕተት ይሻላል፤ ቢያንስ ይታያል። ዝም ብሎ የሚያልፈው ግን በሁለት ሰዎች መካከል ቀድሞ የያዘው ማን እንደሆነ ገልብጦ ሊመሰክር ይችላል። ስምም እንዲሁ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፤ ገብረ መድኅን፣ ገብረመድህን፣ ገ/መድኅን እየተባለ የሚጻፍ ሰው ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ባለይዞታ ነው። የፊደል አጻጻፍ ጉዳይ ለሰዋስው ሊቃውንት ብቻ የሚተው የሚመስለው ካለ ከመሬት መዝገብ ቤት በር ላይ አንድ ቀን ቆሞ ይዋል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስገርመው የቦታ ቁጥር ነገር ነው። በአገራችን ካርታዎች ለረጅም ጊዜ ሲዘጋጁ የኖሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ላይ ተመሥርተው ነው። ስሙን ያገኘው በአባይ ሸለቆ፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ከነበረ የልኬት ነጥብ ነው። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ግን በሌላ እንዲሠራ ካልታዘዘ በስተቀር የሚሰጠው ዓለም አቀፉን ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ያው አንድ ችካል በሁለቱ ቢለካ ቁጥሮቹ በ200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስሕተቱ መነሻውን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ መጻፍ ነው። አገራችን ደግሞ በ36ኛው፣ በ37ኛውና በ38ኛው የካርታ ቀጠና ላይ ስለምታርፍ ቀጠናው ካልተጠቀሰ ያው የቁጥር ጥንድ በሦስቱም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሁለት መቶ ሜትር በሰፊ የግጦሽ ሜዳ ላይ ምንም ላይመስል ይችላል፤ በጠባብ የከተማ መንደር ውስጥ ግን ብዙ አጥር ተሻግሮ የሌላ ሰው ጓዳ ይገባል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 አይ ኤስ ኦ 19152 የተባለውን የመሬት አስተዳደር ሞዴል አውጥቷል፤ ሥራው ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በቀያሾች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ውስጥ የተጀመረ ነው። ሁለተኛው እትም ከ2024 ጀምሮ በክፍል በክፍል መውጣት ጀምሯል። ሞዴሉ ሲጨመቅ በአንድ “ይዞታ” በሚለው ቃል ውስጥ የምንከምራቸውን ነገሮች ለያይቶ ያስቀምጣል። ሰውየው ወይም ቡድኑ ለብቻው፤ መብቱ፣ ክልከላውና ኃላፊነቱ ለብቻው፤ እነዚህ የሚያርፉበት ምዝገባ ለብቻው፤ በምድር ላይ ያለው ቁራሽ ደግሞ ለብቻው ይቆማል። አራት ቦታ የተበታተነ ማሳ ያለው ገበሬ አንድ ምዝገባ፣ አራት ቁራሽ ይኖረዋል። ውኃ የሚያልፍበት ጎረቤት መሬቱ ሳይሆን ማለፊያው ብቻ የእርሱ መሆኑ ይጻፍለታል።

አንዳንዶች ይህ የውጭ ሰዎች ሕግ ነው፣ በእኛ ተጨባጭ ሁኔታ ላይ ሊጫን አይገባም ይላሉ። ሥጋቱን አንንቀውም፤ ግን ቦታውን ስቷል። ይህ ደረጃ መሬት የማን ይሁን አይልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አይነካም፤ የግል ንብረት ነው ለሚል አገርም እኩል ያገለግላል። ሌሎች ደግሞ የጋራ ቃል ሲባል የአንድ ቋንቋ ቃል በሌሎች ላይ ሊጫን ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ይህ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሳችን ግን ግልጽ ነው፤ የጋራ መሆን ያለበት ትርጉሙና መለያው እንጂ ድምፁ አይደለም። አንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ፣ በአማርኛ የየራሱን ስም ይይዛል። ስሙንም መምረጥ ያለበት ቃሉን በየዕለቱ የሚጠቀመው ሕዝብ ነው። በቢሮ ተፈጥሮ ገበሬው የማያውቀው ቃል ከሚጫን፣ ጥማድና ቀላድ ከነሄክታር ልካቸው በሠንጠረዡ ቢገቡ እንመርጣለን።

ቅጹም ቢሆን ገለልተኛ አይደለም። “የባለይዞታው ስም” የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለው ቅጽ ሚስትን ከመዝገብ ለማስወጣት አዋጅ አያስፈልገውም፤ ቦታ አለመተው ይበቃዋል። በአማራ ክልል የደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈው የጋራ መብታቸው በዓይን እንዲታይ ነው። ከደብተሩ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገለበጥ ግን ሁለተኛው ስም የሚገባበት ሣጥን ከሌለ የፎቶግራፉ ትርጉም በመስኮቱ ላይ ይቀራል።

በየቀበሌውና በየሥራ ቦታው የምትገኙ ነዋሪዎችና ሠራተኞች የምዝገባ ውጤት ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ብዙ ጊዜ የምናየው ስማችንን ብቻ ነው። ስሙን አይተን ፈርመን እንሄዳለን። ከእንግዲህ ስሙ የተጻፈው በመታወቂያችን ባለው አጻጻፍ መሆኑን፣ የትዳር ጓደኛችን ስም መኖሩን፣ ቀኑ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት እንዳለው፣ ስፋቱ በስንት ታስቦ እንደተገኘና የቦታው ቁጥር በየትኛው መነሻና ቀጠና እንደተለካ እንጠይቅ። ቀያሹ “አዲንዳን ነው ወይስ ደብሊው ጂ ኤስ?” ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ ሊገረም ይችላል። መልሱን ግን ያውቀዋል፤ ከቁጥሩ አጠገብ እንዲጽፈው እንጠይቀው። ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።