ጎበዙም ያተርፋል
በየትምህርት ቤቱ ተዘርግቶ የነበረው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት የቡድን ጥናትን ስም ክፉኛ አጉድፎብናል። ጎበዙ ለደካሞቹ ይመደብ፣ ቅጽ ይሞላ፣ ሪፖርት ይላክ ነበር፤ ጥናቱ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። ጥፋቱ ከላይ የመታዘዙ እንጂ አብሮ የማጥናቱ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤትማ ቀደም ያለው ተማሪ ጀማሪውን ሲያስቀጽል ኖሯል፤ ማንም ሪፖርት አልጠየቀውም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዩሪ ትሪስማን ካልኩለስ የሚከብዳቸውንና የሚሳካላቸውን ተማሪዎች አጠናን ተከታትሎ ነበር። ካልኩለስ ይከብዳቸው የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች በርትተው፣ ግን በአብዛኛው ለየብቻቸው ያጠኑ ነበር፤ ይሳካላቸው የነበሩት የቻይና ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ደግሞ ተሰብስበው መልስ ያመሳክሩ፣ ይተራረሙ ነበር። ትሪስማን ከበድ ያሉ ጥያቄዎች በጋራ የሚሠሩበት ክፍለ ጊዜ ሲያዘጋጅ የጥቁሮቹ ውጤት ተሻሻለ። ማጠናከሪያ ብሎ ቀላል ጥያቄ አለመስጠቱን ልብ ይሏል። የኛ ጎበዝ ተማሪዎች ወላጆች «ደካሞቹ ልጄን ወደ ኋላ ይጎትቱብኛል» ብለው ይሰጋሉ። እኔ ግን ከሁሉም አብልጦ የሚያተርፈው ጎበዙ ይመስለኛል፤ ገብቶኛል ያለውን ቀመር ጓደኛው «ለምን?» ብሎ ሲያፋጥጠው በቃሉ የሸመደደው ከገባው ይለይለታል። ብቻውን ሲያነብ ማን ይጠይቀዋል? አሥር ሆኖ መሰብሰብ ግን ወሬ ነው፤ ሦስት አራት ይበቃል። ሁሉም አስቀድሞ ለብቻው ሞክሮ ይምጣ፤ ስልኩም ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።